ከምድር ገና ሲነሡ



ሁለት ሞተሮች ያሉት አነስተኛ ጄት አውሮፕላን በመንደርደሪያው ላይ እየፈጠነ ሄዶ ከአንድ የተወሰነ ፍጥነት ካለፈ በኋላ መቆም ከመነሣት ይልቅ አደገኛ ይሆናል። ይህ ፍጥነት እንደ አውሮፕላኑ ክብደት፣ እንደ ሜዳው ርዝመትና እንደ አየሩ ሁኔታ አስቀድሞ ይሰላል። ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ እንደሚገኘው እንደ አዲስ አበባ ባለ ማረፊያ አየሩ ስስ በመሆኑ የሞተሩ ጉልበት ስለሚቀንስ፣ ስሌቱ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ያ ፍጥነት ካለፈ ወዲያ አንዱ ሞተር ቢበላሽ አብራሪው ይነሣል እንጂ አይቆምም፤ አውሮፕላኑም በአንዱ ሞተር እንዲወጣ ሆኖ ተሠርቷል።

ይሁን እንጂ ቀይ መብራት ሲበራ፣ ደወል ሲጮኽ፣ አውሮፕላኑም ወደ አንድ ጎን ሲጎትት የሰው እጅ ወደ መሣሪያዎቹ ይሮጣል። አብራሪዎች ደጋግመው የሚለማመዱት ይህን እጅ መግታትን ነው። በመጀመሪያ አውሮፕላኑን ቀጥ አድርጎ ማብረርና እግሮቹን ማጠፍ፤ እንደ ብዙዎች ልማድ ከምድር 400 ጫማ ያህል ከፍ እስኪል ድረስ ሌላ ነገር አለመነካካት። ከዚያ አንደኛው የተበላሸውን ሞተር ይለያል፤ ሁለተኛው አይቶ ያረጋግጣል፤ ሞተሩም የሚዘጋው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው።

አውሮፕላን ከመታሰቡ በፊት በ16ኛው መቶ ዓመት የኖረው ቅዱስ ኢግናሲዮስ ዘሎዮላም በመንፈሳዊ ልምምዶች መጽሐፉ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ምክር ትቶልናል። ነፍስ በጨለማና በድርቀት ውስጥ ባለችበት ጊዜ፣ በብርሃን ሳለን የወሰንነውን እንዳንለውጥ ያስተምራል፤ እጃችንን አጣምረን እንድንቀመጥ ግን አይደለም። ውሳኔው ይጽና፤ ጸሎቱና ራስን መመርመሩ ይብዛ ይላል። ጋብቻቸው ገና ዓመት ያልሞላው ባልና ሚስት የመጀመሪያው ክርክር ሲነሣ፣ ወደ ሩቅ መንደር የተላከው መምህርም ከተመዘገቡት አርባ ልጆች ሰባቱ ብቻ ሲመጡለት፣ በዚያው ሌሊት የመልቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍ ዘንድ የሚገፋ ድምፅ አለ። ደብዳቤው ይቆይ። (እዚህ ላይ እንዳንሳሳት፤ የምትደበደብን ሚስት ታገሺ ማለት የቅዱሱ ትምህርት አይደለም። እሳት ሲነድ አብራሪውም ለማጥፋት ይጥራል፤ ለማረፍም ይቸኩላል።)

የመቸኮል ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ግን ከትንሹ ጄት በሚበልጥ አውሮፕላን ታይቷል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 1989 ዓ.ም. ከለንደን ወደ ቤልፋስት 126 ሰዎችን ይዞ የተነሣ አንድ ቦይንግ 737፣ ከተነሣ ከ13 ደቂቃ ያህል በኋላ በግራው ሞተር ውስጥ ካሉት ምላጮች አንዱ ተሰበረ። አውሮፕላኑ ተንቀጠቀጠ፤ ጭስም ገባ። አብራሪዎቹ የተበላሸው የቀኙ መስሏቸው ጤናማውን ሞተር ዘጉ። የሚያሳዝነው፣ ቀኙ ሲዘጋ በአጋጣሚ ንዝረቱና ጭሱ ቀነሰ፤ እነርሱም ትክክል እንደሠሩ አመኑ። የተሳሳተ ውሳኔም አንዳንድ ጊዜ ለጥቂት ሰዓት ዕረፍት ይሰጣልና፣ ዕረፍት ማግኘታችን ብቻውን ለውሳኔያችን እውነተኛነት ምስክር አይሆንም።

ዋና አብራሪው በድምፅ ማጉያ የቀኙ ሞተር ተበላሽቶ እንደተዘጋ ለተሳፋሪዎቹ ተናገረ። ከኋላ ከተቀመጡት መካከል ግን በግራ በኩል ነበልባል ያዩ ነበሩ፤ ከአስተናጋጆቹም ያዩ ነበሩ። ግራ ተጋቡ፤ ነገር ግን ማንም ወደ ፊት ሄዶ አልተናገረም። አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲቃረብ የግራው ሞተር ጨርሶ ከዳ፤ በኬግዎርዝ መንደር አጠገብ ወደቀና 47 ሰዎች ሞቱ።

በቁምስናዎቻችንስ? ሰብሳቢው ችግሩ ይህ ነው ብሎ ሲወስን፣ ከኋላ ወንበር ያለችው እናት ሌላ ነገር ሲነድ እያየች «አባ ሳያውቁት አይቀሩም» ብላ ዝም ትላለች። ዝምታዋን አክብሮት እንለዋለን። እኛ ግን እንዲህ ያለውን አክብሮት ልንቀበለው አንችልም፤ ለካህኑም አይጠቅመውም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 የተጻፈውን አስታውሱ። ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ሳለ ጉዞው አደጋ እንዳለበት ተናገረ፤ የመቶ አለቃው ግን የመርከቡን መሪና ባለቤቱን አመነ፤ በዘመኑ አስተሳሰብ ይህ ብልህነት ነበር። ማዕበሉ ከመጣ በኋላም ጳውሎስ ዝም አላለም፤ መርከበኞቹ መልሕቅ የሚጥሉ መስለው ሊሸሹ ሲሉ ለመቶ አለቃው ነገረው፤ በዚህ ጊዜ አለቃው ሰማው። በአሥራ አራተኛውም ሌሊት፣ ሊነጋ ሲል፣ እንጀራ አንሥቶ በሁሉ ፊት አመስግኖ በላ፤ በመርከቡ የነበሩት 276 ነፍስም ተጽናንተው ከእርሱ ጋር በሉ። መርከቡ ተሰበረ፤ ሰዎቹ ግን አንዳቸውም አልጠፉም፤ የሚችሉት ዋኝተው፣ ሌሎቹ በሳንቃ ላይ ሆነው ወደ ምድር ደረሱ።

ስለዚህ በሚቀጥለው የቁምስና ምክር ቤት ስብሰባ፣ ከመክፈቻው ጸሎት በኋላ የመጀመሪያው ቃል ከሩቅ መንደር ለመጣው መምህር እንዲሰጥ፣ ካህኑም እርሱ እስኪጨርስ ድረስ እንዲያዳምጥ እንጠይቃለን።