«ነገ ና»

ባለፈው ሳምንት ከዙህር ሶላት ስወጣ አንድ ጎረቤቴን መስጊድ ደጃፍ ተቀምጦ አገኘሁት። ሌሊት ጓሮው ገብተው እሸት ቡናውን ለቅመውበታል፤ ለመልቀም ያስቸገራቸውን ቅርንጫፍ ገንጥለው ሄደዋል። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ነበር። ተረኛው ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል «መርማሪው የለም፤ ነገ ና» አለው።

ልጆቼ፣ ይህን የፖሊስ መለዮ እኔም ሠላሳ ዓመት ለብሼዋለሁና ቢመራችሁም ስሙኝ።

እሸት ቡና ነገን አይጠብቅም። የቡና አገር ልጆች ሆናችሁ ይህ እንዴት ይጠፋችኋል? ሌባው ጎህ ሳይቀድ የለቀመውን ረፋድ ላይ ለሰብሳቢ ይሸጣል፤ በዚያው ቀን ከሌላው ቡና ጋር ተደባልቆ መፈልፈያ ይገባል። ከዚያ በኋላ ይህ የእገሌ ነው ብሎ የሚለይ አይገኝም። ከአጋሮ እስከ ሊሙ፣ ከማና እስከ ጌራ የገበሬው ዕዳ፣ የልጁ ደብተር፣ የቤቱ ቆርቆሮ ሁሉ ያለው በለቀማው ሰሞን ዛፉ ላይ ነው።

«ያቀረበው ነገር አያሳምንም» የሚል መልስም ሰምቻለሁ። ማን ፍረዱ አላችሁ? እኛ ያጠናነው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 22 ፖሊስ የቀረበለትን አቤቱታ ቢጠራጠረው እንኳ ምርመራውን እንዲያካሂድ ያዝዛል። ጥርጣሬህን ይዘህ ጻፍ ነው ነገሩ።

ከጀመርኩ አይቀር ሌላም ልበል። ጉቦ ሐራም መሆኑን ለእናንተ መንገር ያሳፍረኛል። የያዛችሁትን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት አቅርቡት፤ ሕገ መንግሥቱ ነው ያለው። በኦሮምኛ የሚነግራችሁን በኦሮምኛ ስሙት። ሮንድም በእግር ይሁን፤ ከመኪና መስኮት የሚታየው አስፋልቱ ብቻ ነው።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ገና አዲስ ሳለሁ፣ በአንዲት ትንሽ ጣቢያ ተረኛ ሆኜ፣ አንዲት እናት በምሽት መጡ። ከማድረቂያ አልጋው ላይ ጀንፈላቸውን ወስደውባቸዋል። ዝናብ ነበር፤ እራቴም ቀርቦ ነበር። «እማማ፣ ሲነጋ ይምጡ» አልኳቸው። አንቱ ብዬ ነው የመለስኳቸው፤ ትሕትናዬን እዩልኝ! ልጃቸው ግን እስኪነጋ አልጠበቀም። ገጀራውን ይዞ የጠረጠረው ጎረቤት ደጅ ሄደ። ሰውየው በአላህ ፈቃድ ተረፈ፤ ቀኝ እጁ ግን ከዚያ ወዲያ አልሠራም። ልጁ ወህኒ ወረደ። ሌባውም ኋላ ሲያዝ ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ።

አዛዤ ሃምሳ አለቃ አልተቆጡኝም። የዕለት ሁኔታ መዝገቡን ገልጠው የዚያን ሌሊት ገጽ አሳዩኝ። «ጸጥታው ሰላም ነው» ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ፊርማ። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ላይ እኒያን እናት ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ዘንቢል ካንጠለጠሉ አሮጊት ሲሸሽ!

የጅማዋ ሂርማታ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ነጋዴ የሚጎርፍባት ገበያ የሆነችው፣ ንብረቱ ቢነካ ሰሚ እንዳለ የሩቅ መንገደኛ ስላወቀ ነው። ያኔ ኮምፒውተር አልነበረም። ስለዚህ መብራት ጠፋ፣ ወረቀት አለቀ፣ አለቃ ስብሰባ ገባ አትበሉኝ። ሰው አቤት ሲላችሁ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ክተቱት፤ ወንበር ስጡት፤ ቃሉን ጻፉ፤ መልሳችሁ አንብቡለት፤ አስፈርሙት። ከዚያ ተነሡና ሰብሳቢዎቹ ጋ ሂዱ። ያንኑ ቀን። ቃል አማና ነው፤ አማናን ደግሞ «ነገ ና» አይሉትም።

ጎረቤቴን ቤቴ ወስጄ ቃሉን በእጄ ጻፍኩለት። ስንት ዛፍ እንደተነካ፣ በየት በኩል እንደገቡ፣ አጥሩ ላይ የቀረውን የማዳበሪያ ጆንያ ሳይቀር አስገባሁ። አንብቤለት ፈረመ። በነጋታው ወረቀቱን ይዞ ጣቢያው ሲሄድ አንድ ነገር አደራ አልኩት፤ አሁንም «ነገ ና» ካሉህ የተረኛውን ስም ጠይቀህ ንገረኝ።

ስሙን ይዞልኝ መጥቷል።