ውሃውን የማከም ግዴታ የማን ነው?

በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ለድኻው ሰፈር የተሰጠው ምክር «ውሃችሁን አፍልታችሁ ወይም በክሎሪን አክማችሁ ጠጡ» የሚል ነበር። ምክሩ ትክክል ነው። ውሃ በፈረቃ በሚለቀቅበት ከተማ የቧንቧው ግፊት ሲወድቅ በተሰነጠቀው መስመር ፍሳሽ ይሰርጋል፤ ከማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ የወጣው ውሃ ጀሪካን እስኪደርስ ሌላ ውሃ ይሆናል። እንደ «ውሃ አጋር» ያለው የክሎሪን ጠብታ ግን ግማሽ ሰዓት ከቆየ አብዛኞቹን የተቅማጥ ተሕዋስያን ይገድላል።

ሆኖም የሚከነክነን ጥያቄ አለ። ለወጥ እንኳ ከሰል የምትሰስት እናት፣ ውሃ አላፈላችም ተብላ በልጇ ሕመም ልትወቀስ ይገባልን? የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2010 እ.ኤ.አ. ንጹሕ ውሃን ሰብዓዊ መብት ብሎ ሲያውጅ ጥሪውን ያቀረበው ለመንግሥታት እንጂ ለጀሪካን ተሸካሚዋ አልነበረም።

ከመካከላችን አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው «ክሎሪን ማደል የመንግሥትን ዕዳ በድኻ ጫንቃ መጫን ነውና ይቅር» ይላሉ። እዚህ ላይ እንለያያለን። እኛ በባዕድ አገር ቧንቧ ከፍተን፣ ሳናስብ የምንጠጣ ሰዎች፣ መስመሩ እስኪጠገን የሌላው ልጅ ይታመም ብለን የመፍረድ ሥልጣን ከወዴት አገኘን? ጠርሙሱ ዛሬውኑ፣ ያውም በነጻ ይታደል፤ የሚያድለውም ክፍል የቧንቧው ጥገና መቼ እንደሚጀመር በዚያው ሰልፍ ላይ ይጠየቅ።