መርፌሽን አታቋርጪ

ልጄ፣ በየወሩ የምትወጊውን መርፌ ለማቆም እንዳሰብሽ እናትሽ ነግራኛለች። ጉልበትሽ ማበጡን ትቷል፤ ትኩሳቱም ከጠፋ ቆየ። ጤነኛ ነኝ ብለሽ ብታስቢ አልፈርድብሽም። ጤናሽን የጠበቀልሽ ግን ያው መርፌ ነውና ከመወሰንሽ በፊት ስሚኝ።

ያለብሽ የሩማቲክ የልብ ሕመም መነሻው ጉሮሮ ነው። «ቶንሲል ነው፣ ያልፋል» እያልን ከምንንቀው ሕመም መካከል ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ የሚያመጣው አለበት። በጊዜው ካልታከመ፣ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ ወደ ገዛ አካሉ ሊዞር ይችላል። ሕመሙ በብዛት የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። ያኔ የሚመጣው ቁርጥማት ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ወደ ክርን እየዞረ ካሠቃየ በኋላ ይጠፋል፤ ቤተሰብም «ተመስገን» ብሎ ይረሳዋል። በልብ ቫልቭ ላይ የቀረው ጠባሳ ግን አብሮ አይጠፋም። ሕመሙ ባገረሸ ቁጥር ቫልቩ እየወፈረና እየተጣበቀ ይሄዳል። ዓመታት አልፈው ዳገት ስትወጪ ትንፋሽ ሲያጥርሽ፣ ሌሊት ትራስ ካልደራረብሽ መተኛት ሲያቅትሽ ያን ጊዜ ይታወቃል።

በሀብታም አገሮች ይህ ሕመም ከሞላ ጎደል ተረስቷል። በዓለም ላይ ግን ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አብረውት ይኖራሉ፤ አብዛኞቹም እንደኛ ባሉ አገሮች፣ ብዙ ሰው በጠባብ ክፍል በሚያድርበትና ሐኪም በሚርቅበት ቦታ ያሉ ናቸው። የሚያንገበግበኝ፣ የሚነጥቀን ተማሪዎችንና ወጣት እናቶችን መሆኑ ነው።

የምትወጊው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የቆየና ርካሽ መድኃኒት ነው። ጥበቃው ከሦስትና ከአራት ሳምንት አያልፍም፤ አንድ ቀጠሮ ስትዘይ ልብሽ ያለ ጠባቂ ይቀራል። እንደ ጉዳቱ መጠን ለ10 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ድረስ ይቀጥላል። መቼ እንደሚበቃሽ የልብሽን አልትራሳውንድ ያየው ሐኪም ይንገርሽ እንጂ ራስሽ አትወስኚ።

መርፌው በጣም እንደሚያም አውቃለሁ። ቁርስ በልተሽ፣ ውኃ ጠጥተሽ ሂጂ፤ ተኝተሽ ተወጊ፤ በዝግታ እንዲሰጡሽም ለምኚ። ትንፋሽ የሚያጥርሽ ወይም እግርሽ የሚያብጥ ከሆነ ከመወጋትሽ በፊት ተናገሪ፤ ልቡ በጣም ለተጎዳ ሰው ሐኪም በሚዋጥ መድኃኒት ሊቀይረው ይችላል። አለርጂ ፈርቶ «እኛ አንወጋም» የሚል ጤና ጣቢያም አይጠፋም። እንዲህ ካሉሽ ወደ ቤት አትመለሺ፤ ክትትል ወደምታደርጊበት ሆስፒታል ሂጂ። ጠበል መጠመቅሽ ደስ ይለኛል፤ ስለ ጠበሉ ብለሽ መርፌውን መተውሽን ግን እቃወማለሁ። ሐኪምን አክብሩ የሚለው መጽሐፈ ሲራክም የእኛው መጽሐፍ ነው።

«ባይሆን ቀዶ ሕክምና አደርጋለሁ» ብለሽ አትዘናጊ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ ብዙ የደከሙለት የልብ ሕክምና ማዕከል ስንቱን ሕፃን አትርፏል፤ ተራ የሚጠብቁት ግን በሺዎች ናቸው። የብረት ቫልቭ የገባላት ሴትም ዕድሜዋን ሙሉ ዋርፋሪን የተባለ የደም ማቅጠኛ ትወስዳለች፤ እሱ ደግሞ ፅንስ ሊጎዳ ይችላል።

ስለ ልጅ ካነሣሁ አይቀር፣ እርግዝና የልብን ሥራ እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ የጠበበ ቫልቭ ይህን ላይችል ይችላል። ከማርገዝሽ በፊት የልብ ሐኪምሽን አማክሪ። ለእጮኛሽም አትደብቂው፤ ይህን ሰምቶ የሚሸሽ ሰው ቀድሞ ቢሄድ ይሻላል።

ታናናሾችሽንም አደራ። አንዳቸው ጉሮሮውን አሞት ሲያተኩሰው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ በ9 ቀን ውስጥ ሕክምና ከተጀመረ ይህን ጣጣ መከላከል ይቻላል። የሚዋጥ መድኃኒት ከታዘዘለትም ተሽሎኛል ብሎ እንዳይተወው፣ 10 ቀኑን እስኪጨርስ ተቆጣጠሪው። እንጥል ማስቆረጥ ከዚህ ሕመም አያድንም፤ ደም ያፈሳል፣ ሌላ ኢንፌክሽን ያመጣል፤ ማንም ቢመክርሽ እሺ አትበዪ።

አሁን የቀጠሮ ካርድሽን አውጪና ቀኑን እዪ። አልፎብሽ ከሆነም ይቆጡኛል ብለሽ አትፍሪ፤ ነገ ጠዋት ሂጂ።