ስፌቱ የሚታይ ግንብ

የተቀደደ ልብስ የሚጠግን ሰው ስፌቱን ይደብቃል ወይም ያሳያል። ቤልጅጋዊው የልብስ ንድፍ ጠቢብ ማርቲን ማርጄላ ስፌትንና ገበርን ወደ ውጭ ገልብጦ ማሳየትን መረጠ። የአሮጌ ሕንፃ ጠጋኝም ከዚሁ ምርጫ አያመልጥም።

የበርሊኑ «አዲስ ሙዚየም» በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ተመታ። ብዙዎች እንደ ጥንቱ ተመስሎ ይሠራ ብለው ተሟገቱ። አርክቴክቱ ዴቪድ ቺፐርፊልድ ግን የጎደለውን ግድግዳ በአሮጌ ጡብ ሞላ፤ የወደመውን ደረጃ ያለ ቀድሞ ጌጡ ተካ። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲከፈት ቁስሉም ጥገናውም ይታዩ ነበር። ጦርነት ያልነካው መስሎ የቆመ ግንብ ለልጅ ልጅ ምን ይመሰክራል?

ይሁንና ቁስልን ማሳየት ራሱ ጌጥ ሲሆን ይዋሻል፤ ሆን ተብሎ የተቀደደ ልብስ ድህነትን አያውቅምና። ስለዚህ የጠጋኝ ቀዳሚ ጥያቄ ይህ ይሁን፦ የሚታየው ስፌት በእርግጥ የደረሰውን ይናገራልን?