የሰንበት ከሰዓት በኋላ የማን ነው?

በአዳማ ከተማ ከሰንበት ቅዳሴ ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚያመራ ምእመን በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው ነገር በማክሰኞ ወይም በሐሙስ ከሚያየው ብዙም የተለየ አይደለም። ባጃጅ ነጂው ተሳፋሪ ፍለጋ ይዞራል፤ የጉሊት ነጋዴዋ ቲማቲሟንና ሽንኩርቷን በመደብ በመደብ ከፍላ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች፤ ፎቅ በሚሠራበት ግቢ የቀን ሠራተኛው አሸዋ ይሸከማል። ከእነርሱ ጥቂት ራቅ ብሎ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ያላገኘው ወጣት በከረንቡላ ቤቱ ደጃፍ ቆሞአል፤ አለዚያም በስፖርት ውርርድ ቤት ውስጥ ከተማውን እንኳ በካርታ ላይ ሊያመለክት በማይችለው የአውሮፓ ቡድን ስም የእናቱን ገንዘብ አስይዞ ውጤት ይጠብቃል። አንደኛው ማረፍ ያልቻለ ነው፤ ሁለተኛው ጊዜ ተርፎት የሚያውልበት ያጣ ነው። እኛም በሁለቱ መካከል አልፈን ምሳ ወደሚጠብቀን ቤት እንገባለን።

ይህ ጉዳይ የኑሮ ውድነትና የሥራ አጥነት ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ይሆናል። ነገር ግን ከበስተኋላው አንድ ጥንታዊ ጥያቄ አለ። ሰው የሚያርፈው ነገ እንደገና ይሠራ ዘንድ ነውን? ወይስ የሚሠራው ማረፍ ይችል ዘንድ ነው? የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ሁለተኛውን መርጦአል። በእርሱ ዘንድ ሥራ ወደ ዕረፍት የሚያደርስ መንገድ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ ዕረፍት ማለትም ነፃ ሰው የሚያስብበት፣ የሚማርበት፣ ከወዳጆቹ ጋር የሚሆንበት ጊዜ ነው። ዛሬ አውሮፓውያን ትምህርት ቤትን የሚጠሩበት ስም «ስኮሌ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን የቃሉም ፍቺ ዕረፍት ነው። ጀርመናዊው ካቶሊካዊ ፈላስፋ ዮሴፍ ፒፐር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1948 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አሳብ አንሥቶ፣ ጉልበትን ለማደስ ብቻ የሚሰጥ ዕረፍት በእውነቱ የሥራው አካል እንደሆነ አስረድቶአል። ዘይት እስኪቀባ የቆመ መኪና ዐረፈ አይባልምና።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። «ሥራ ፈት» ስድብ ነው፤ «ዐረፈ» ስንል ብዙውን ጊዜ ሞተ ማለታችን ነው። «መዝናኛ» የሚለውም ቃል በከተሞቻችን ከበር ላይ ተጽፎ የሚገኘው ከ«ባር» ወይም ከ«ግሮሰሪ» ጋር ተጣምሮ በመሆኑ ብዙ ወላጆች ልጄ መዝናኛ ሄደ ሲባሉ ይደነግጣሉ። አይፈረድባቸውም። ጫትና መጠጥ በየመንገዱ እየተገኙ ሌላው ሁሉ ከጠፋ ቃሉ ያንኑ መምሰሉ አይቀርም።

ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ሰንበት ዕረፍት ሁለት ምክንያት ይሰጣል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 ምክንያቱ የእግዚአብሔር ዕረፍት ነው። በዘዳግም ምዕራፍ 5 ግን ሌላ ነው፤ እስራኤል በግብፅ ባሪያ እንደነበረ ያስብ ዘንድ ነው። ባሪያ ማለት የእኔ የሚለው ሰዓት የሌለው ሰው ነው፤ ስለዚህም ትእዛዙ ወንድ አገልጋይን፣ ሴት አገልጋይን፣ በሬንና አህያን፣ በደጅ ያለውን መጻተኛ ሳይቀር በስም ይጠራል። ለቤቱ ጌታ ብቻ የተሰጠ ዕረፍት በዚህ ትእዛዝ ፊት ዕረፍት አይደለም። ጌታችንም ሰንበት ስለ ሰው እንጂ ሰው ስለ ሰንበት እንዳልተፈጠረ ሲያስተምር (ማር. 2፡27) የሰንበትን ባለቤት ማንነት ግልጽ አድርጎታል።

የሀገራችን ሕግ በዚህ ረገድ ደካማ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍትና የመዝናኛ ጊዜ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኖአል፤ በየ7 ቀኑ ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት እንዲሰጥ፣ ይህም በተቻለ መጠን በእሑድ ቀን ለሠራተኛው ሁሉ በአንድነት እንዲሆን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማግሥቱ ጠዋት 12 ሰዓት እንዲታሰብ አዝዞአል። «በአንድነት» የምትለዋ አሳብ ልብ ልትባል ይገባል። ባል ማክሰኞ፣ ሚስት ሐሙስ፣ ልጆች እሑድ የሚያርፉበት ቤት በሒሳብ ሲታይ ሁሉም ዐርፈዋል፤ ቤተሰቡ ግን አላረፈም።

ይሁን እንጂ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ በተዘረጋው መሥመር ኑሮውን የሚገፋው ሕዝብ አብዛኛው ይህ አዋጅ በእጁ የሚደርስለት አይደለም። ባጃጅ ነጂው አሠሪ የለውም፤ የዕለት ገቢውን የሚጠብቅ የባጃጁ ባለቤት እንጂ። የጉሊት ነጋዴዋ አሠሪ ረሀብ ነው። በዝዋይ (በዛሬው አጠራር ባቱ) ዙሪያ በአበባ እርሻዎች የሚሠሩት እኅቶቻችን ሕጉ የሚመለከታቸው ቢሆኑም፣ የአበባው ገበያ በውጭ ሀገር የፍቅረኞች ቀን በሚከበርበት በየካቲት መጀመሪያ ሳምንት ስለሚጦፍ ከዚያ በፊት ያሉት ሳምንታት የጥድፊያ ሳምንታት ናቸው። አውሮፓዊው ለወዳጁ ጽጌረዳ የሚሰጥበት የዕረፍት ምሽት እዚህ በሌላ ሰው ድካም ተለክቶ የተዘጋጀ ነው። በአዋሽ ዳር ያለው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 እ.ኤ.አ. በሆላንዱ ኩባንያ በኤች ቪ ኤ ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በፈረቃ የሚኖር ማኅበረሰብ ምን እንደሚመስል አካባቢው ያውቃል። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክም ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶችን በዚሁ የፈረቃ ኑሮ ውስጥ አስገብቶአል። የገጠሩ ዕረፍት በበዓላት፣ በማኅበርና በሰንበቴ የታሰረ ነበር፤ የከተማው ዕረፍት ግን የኪራይ ክፍል ውስጥ መተኛት ብቻ ሆኖ ቀርቶአል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ዛሬ ካልሠራ ዛሬ የማይበላውን ሰው ዕረፍ ማለት ማላገጥ አይደለምን? ተቃውሞው ትክክል ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሌዎን 13ኛ በ1891 እ.ኤ.አ. «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው ስለ ሰንበት ዕረፍት ሲጽፉ በዚያው መልእክት ስለ ትክክለኛ ደመወዝ የጻፉት ስለዚህ ነው። በስድስት ቀን ድካም የሰባት ቀን እንጀራ የማይገኝ ከሆነ ዕረፍቱ በወረቀት ላይ ይቀራል። በዕረፍት ቀን ለሚሠራ ሰው ሕጉ ሁለት እጥፍ እንዲከፈል ማዘዙ መልካም ነው፤ ነገር ግን የወር ደመወዙ ለቤት ኪራይ የማይበቃት ልጅ ሁለት እጥፉን እምቢ ልትል ትችላለችን? እንደ እኛ አስተያየት የዕረፍት ጥያቄ የሚጀምረው ከመናፈሻው ሳይሆን ከደመወዙ ነው።

እንግዲህ መንግሥት ከዚህ ሁሉ የቱን ያህል ይመለከተዋል? በሀገራችን ታሪክ መንግሥት የሰውን የዕረፍት ቀን ከመንካት ወደኋላ ያለበት ጊዜ ጥቂት ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቀዳሚትና እሑድ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ሲያደርጉ የዘመናት ክርክር ዘጉ። ዐፄ ሱስንዮስ ግን የካቶሊክን እምነት በመደገፍ የቀዳሚትን ሰንበት አከባበር በአዋጅ ሲከለክሉ ሕዝቡ ዐመፀ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 እ.ኤ.አ. ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለመልቀቅ ተገደዱ። ይህን የምንጽፈው እኛ ካቶሊካውያን በመሆናችን በኀፍረት ነው፤ ገበሬውን በቅዳሜ እረስ ብሎ በሰይፍ ማዘዝ በስማችን የተፈጸመ ስሕተት ነበርና። በደርግ ዘመን ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ በእሑድ ጠዋት፣ ልክ በቅዳሴ ሰዓት ይጠራ እንደነበር በዕድሜ የገፉት አንባብያን ያስታውሳሉ። የቀረ ሰው ይጠየቅ ነበር። በሌላ በኩል የቀበሌ መዝናኛ ክበቦችና የኪነት ቡድኖች የተስፋፉት በዚያው ጊዜ ነው፤ ስንት ሙዚቀኛና ተዋናይ ከእነርሱ ወጥቶአል። ነገር ግን ሰው በነፃ ሰዓቱ የሚዘፍነው ዘፈን ከላይ ተጽፎ ሲሰጠው ሰዓቱ የእርሱ መሆኑ ያበቃል።

ከዚህ የምናገኘው ልዩነት ይህ ነው። ለዕረፍት ጊዜና ቦታ ማስጠበቅ የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ያንን ጊዜ በምን እንደምንሞላው መወሰን ግን አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1931 እ.ኤ.አ. እንዳስተማሩት፣ አነስተኛው ማኅበር ሊሠራው የሚችለውን ትልቁ ሊነጥቀው አይገባም። የኳስ ቡድኑን የሰፈሩ ልጆች ያቋቁሙታል፤ ሜዳው ግን በሊዝ እንዳይሸጥ እነርሱ ሊከለክሉ አይችሉም። በ1996 ዓ.ም. የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 ወጥቶ ነበር፤ ወጣቱ በመንገድ ዳር መቆሙን የሚመለከት መንግሥት የሚቀመጥበትን ዛፍ ጥላም ሊያስብለት ይገባል ብንል ከልክ ያለፍን አይመስለንም።

ስለ ቦታ ካነሣን ደግሞ ስምጥ ሸለቆው ባለጸጋ ነው። ከአዳማ ብዙ ሳይርቅ በአዋሽ ዳር የሚገኘው የሶደሬ ፍል ውኃ፣ የቢሾፍቱ ሐይቆች፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው። ፍል ውኃ መውደድ በእኛ ሀገር ቀላል ነገር አይደለም፤ አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱና ቤተ መንግሥቱ የፍልውኃን አካባቢ ስለወደዱ ነው። ሶደሬም በ1989 ዓ.ም. ተፋላሚ የሶማሊያ ወገኖች ለዕርቅ የተሰበሰቡበት ቦታ ነበር፤ ምናልባት ውኃው ረድቶ ይሆናል። የቀድሞው ንጉሠ ነገሥት በቢሾፍቱና በቆቃ ሐይቅ ዳር በገሊላ የማረፊያ ቤቶች ነበሩአቸው። ዛሬ የነገሥታቱን ቦታ ሎጅና ሪዞርት ወርሶታል። እነዚህ ድርጅቶች ለብዙ ወጣቶች ሥራ መስጠታቸውን አንክድም፤ ሆኖም በቢሾፍቱ ተወልዶ ያደገ ልጅ የሐይቁን ውኃ በእግሩ ለመንካት የመግቢያ ክፍያ የሚጠየቅባቸው ቦታዎች እየበዙ ሲሄዱ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ያለው ምን ማለት እንደሆነ መጠየቅ ይኖርብናል። የቤተሰብ አባት አምስት ልጆቹን ይዞ በአንድ እሑድ ለመግቢያ፣ ለትራንስፖርትና ለለስላሳ የሚያወጣውን ሲያሰላ ቤት መዋልን ይመርጣል።

በቅርብ ዓመታት በጎ ጅምር አልጠፋም። በኅዳር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መንገዶች ለተወሰኑ የእሑድ ሰዓታት ከመኪና ነፃ ተደርገው ሕዝቡ ሲራመድባቸው፣ ሲሮጥባቸውና ልጆች ኳስ ሲያንከባልሉባቸው ያየ ሰው፣ ለሕዝብ መዝናኛ ሁልጊዜ ብዙ ገንዘብ እንደማያስፈልግ ተረድቶአል። አንዳንዴ የሚበቃው መኪናውን ማቆም ነው። ከዚያ በኋላ በዋና ከተማዋ የተሠሩት አንድነት ፓርክና እንጦጦ ፓርክ ያማሩ ናቸው፤ በየከተማው በኮሪደር ልማት የሚሠሩት የእግረኛ መንገዶችና መቀመጫዎችም እንዲሁ። የምንጠይቀው ቀላል ነው። ለዚህ ውበት ሲባል ከቦታው የተነሣችው የጉሊት ነጋዴ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጥታ በመቀመጫው ላይ ትቀመጣለችን? ነፋስ በማይጎድልባት አዳማ መናፈሻ የሚጎድለው ለማን ነው?

መንግሥትን በጠየቅንበት ቃል ራሳችንንም እንጠይቅ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ሠራተኞችን የመሰለውን የግል አገልግሎት ቅጥር ወደፊት በሚወጣ ደንብ እንዲገዛ ብሎ ትቶታል፤ ስለዚህ የእኛ የቤት ሠራተኛ የሰንበት ዕረፍት በማንም ተቆጣጣሪ እጅ የለም፤ በእኛ እጅ ነው ያለው። በዘዳግም ስሟ የተጠራው ሴት አገልጋይ እርሷ ናት። በመጀመሪያው ዐንቀጽ ምሳችን ወደሚጠብቀን ቤት እንገባለን ብለን ነበር፤ ምሳውን ማን እንደሠራው፣ እርሷስ ቅዳሴ በስንት ሰዓት እንደሄደች አልጻፍንም። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሦስተኛውን ትእዛዝ ሲያስተምሩ «ቅዳሴ አስቀድስ» ከሚለው ጎን «ለሠራተኛህም ቀኗን ስጣት» የሚለውን በአንድ ትምህርት ውስጥ ቢያኖሩት እንወዳለን።

የቁምስናዎቻችንም ግቢ አለ። ብዙዎቹ ሰፊ ናቸው፤ ዛፍ አላቸው፤ አንዳንዶቹ የመረብ ኳስ ምሰሶ ተተክሎባቸዋል። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ግን ዘበኛው በሩን ይቆልፍና ግቢው እስከ ሰኞ ጠዋት ባዶውን ይውላል። ለዚህ የሚሰጡት ምክንያቶች የአበባው መረገጥ፣ የመስኮት መሰበርና የጫጫታው ነገር ናቸው። ምክንያቶቹ እውነት ናቸው፤ በአንዳንድ ቁምስና በእርግጥም መስኮት ተሰብሮአል። የአንድ መስኮት መስታወት ዋጋ ስንት እንደሆነና በከረንቡላ ቤት ደጃፍ የቆመው ልጅ ግቢውን ከውጭ ሲያየው ምን እንደሚያስብ በሚቀጥለው የቁምስና ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ቢነሣ መልካም ነው።