አገልግሎት የማን ጥሪ ነው?



«አገልጋይ» የሚለው ቃል ሲነገር አብዛኞቻችን በዐይነ ኅሊናችን የምናየው ካህኑን፣ ዲያቆኑን ወይም ደናግል እኅቶችን ነው። ምእመኑ ግን ራሱን ከሚገለገሉት ወገን ይቆጥራል። እሑድ ይመጣል፣ ያስቀድሳል፣ ተባርኮ ይመለሳል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚሠራው ሥራ የኑሮ ጉዳይ እንጂ የእምነት ጉዳይ አይመስለውም። ታዲያ አገልግሎት ለጥቂቶች የተሰጠ ማዕረግ ነው ወይስ የተጠመቀ ሁሉ ጥሪ? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ የአንድን ቤተሰብ ውሎና የአንድን መንደር አኗኗር የሚለውጥ ነው።

የደብረ ታቦር ስም ራሱ ወደ መልሱ ይመራናል። ከተማይቱ የምትጠራው ጌታችን ብርሃነ መለኮቱን በገለጠበት ተራራ ስም ነው። በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን የሚውለውን በዓል ስናከብር ችቦ ይበራል፣ ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፣ እናቶች ሙልሙል ጋግረው ያድላሉ። ሆኖም የወንጌሉ ታሪክ በተራራው ራስ ላይ አይፈጸምም። ጴጥሮስ ሦስት ዳስ ሠርቶ በዚያ ለመቅረት ወደደ፤ ጌታ ግን ይዞአቸው ወረደ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እንደምናነበው፣ ከግርጌው አንድ አባት የታመመ ልጁን ይዞ ይጠብቅ ነበር። የቀሩት ደቀ መዛሙርት ልጁን መፈወስ ተስኖአቸው፣ ከጻፎችም ጋር ክርክር ተነሥቶ ነበር። ልብ እንበል፤ ያ አባት በተራራው ላይ የበራውን ብርሃን አላየም፣ ከደመናው የመጣውንም ድምፅ አልሰማም። ጸጋው ወደ እርሱ የደረሰው በወረደው ጌታ እጅ ነው። እንግዲህ ጸሎትና ቅዳሴ ወደ ተራራው መውጣት ከሆኑ፣ አገልግሎት ከተራራው መውረድ ነው። ያልወጣ ሰው ይዞት የሚወርድ ነገር የለውም፤ ወጥቶ የማይወርድም የወጣው ለራሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ድንጋጌ፣ ቅድስና የካህናትና የገዳማውያን ብቻ ሳይሆን የምእመናን ሁሉ ጥሪ መሆኑን አስተማረ። በ1965 ደግሞ ስለ ምእመናን ሐዋርያዊ ተልእኮ በተለየ ድንጋጌ፣ የዚህ ጥሪ ምንጭ ምሥጢረ ጥምቀትና ምሥጢረ ሜሮን መሆናቸውን አመለከተ። ይህም ማለት ምእመን የሚያገለግለው ካህኑን ለማገዝ ብቻ ሳይሆን የክርስቶስ አካል ብልት ስለ ሆነ ነው። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1791 ተወልደው፣ የክህነትን ማዕረግ ከአቡነ ያዕቆብ የተቀበሉት በ1851 ነው። በ1855 በእስር ሳሉ ዐረፉ፤ በ1926ም ብፅዕናቸው ታወጀ። ከክህነታቸው በፊት ግን ረጅም ዘመን እውነትን በመፈለግና በማስተማር ደክመዋል። ስለዚህ አገልግሎታቸው በክህነታቸው ቀን ተጀመረ ማለት አንችልም። የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲመሠረት የተረከበው ምድር እጅግ ሰፊ ነው። ካህን በየተራራው ሊደርስ አይችልም፤ ምእመን ግን በዚያው ይኖራል።

የደቡብ ጎንደር ሕዝብ ለመረዳዳት ባዕድ አይደለም። በጉና ተራራ ግርጌ ገብስ ሲደርስ ወንፈል አለ፤ ከባድ ሥራ ሲመጣ ደቦ ይጠራል። መኪና በማይገባበት ቀበሌ የታመመውን ጎረቤቶች እየተፈራረቁ በቃሬዛ ተሸክመው ለሐኪም ያደርሱታል። ሐዘን ሲደርስ እድር ድንኳን ይተክላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ። ነገር ግን አንድ ሰው «ይህንማ ያላመነውም ያደርገዋል፤ የክርስቲያኑ በምን ይለያል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ የማጭድልህ ነገ ታጭድልኛለህ ብዬ ነው። መልካም ሥርዓት ነው፤ ያለ እርሱም መንደር አይቆምም። ጌታ ግን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ብድር ሊመልሱ የማይችሉትን እንድንጋብዝ አዝዞናል። በሬ የሌላት መበለት፣ ዘመድ የሌለው በሽተኛ፣ ከቀዬው የተፈናቀለ እንግዳ ሁሉ ከወንፈሉ ዙር ውጭ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ ወደ ጋይንት በደረሰ ጊዜ ቤቱን ጥሎ የሸሸ ወገን ብድር የሚመልስበት ማሳ አልነበረውም። የክርስቲያን አገልግሎት የሚፈተነው የወንፈሉ ሒሳብ በሚያበቃበት ቦታ ነው።

ሌላም ፈተና አለ። ማረሻውንና ማጭዱን የሚቀጠቅጥልን፣ ምጣዱንና እንስራውን የምትሠራልን፣ ሸማውን የሚሸምንልን ባለሙያ በእያንዳንዱ ገበታችን ላይ ድርሻ አለው። እኛ ግን በእነርሱ ድካም እየበላን «ቡዳ» እያልን ስንሰድባቸው ኖረናል። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተዋል፤ ወደ መቅደላ ሲጓዙም ለመንገዱ ሥራ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። የንጉሡ እጅ ሥራን አለመናቁ የሚያስመሰግን ነው፤ ያ ሁሉ ጉልበት የፈሰሰው ግን ለመድፍ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ዕድሜ አገኘ። ልብን የሚለውጥ አዋጅ ብቻ አይደለምና። ጌታችን በናዝሬት የታወቀው በጠራቢነቱ ነው። ስለዚህ ቀጥቃጩን የሚንቅ ምእመን፣ በቅዱስ ቁርባን የተቀበለውን ጌታ በገበያ መንገድ ላይ ይንቃል።

በመጨረሻም «አገልግሎት» የሚለው ቅዱስ ስም የበደል መሸፈኛ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ሚስት ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ጋግራ፣ ልጅ አዝላ ስትውል፣ ባል እሳት ዳር ተቀምጦ «ይህ የአንቺ ጥሪ ነው» ቢላት፣ ያ ትምህርተ ክርስቶስ አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ጌታ እግር ማጠቡን ለሌላ አላዘዘም፤ ራሱ ማበሻ ጨርቅ ታጠቀ። አገልግሎት በፈቃድ ወደ ራስ የሚያነሡት እንጂ በሌላው ትከሻ ላይ የሚጭኑት አይደለም። በፎገራ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ቤተ እምነት የለውም፤ ይሁን እንጂ ወንድና ሴት እርሻውንም ምድጃውንም ይጋራሉ፣ አረጋውያንም ይጦራሉ። በእምነት ብንለያይም ሥራቸው ለእኛ ጥያቄ ነው፤ በወንጌሉ ምሳሌ የሳምራዊው ደግነት ለካህኑና ለሌዋዊው ጥያቄ እንደ ሆነ ሁሉ።

እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ልጆቹን ትእዛዛቱን ካስጠናችሁ በኋላ «በዚህ ሳምንት ብድር የማይመልስልህን ማንን ረዳህ?» ብላችሁ ጠይቁአቸው። አባወራዎች ሆይ፣ እንስራው ለአንድ ቀን በትከሻችሁ ቢያርፍ ክብራችሁ አይጎድልም። ወጣቶች ሆይ፣ ቃሬዛ ሲነሣ ከተሸካሚዎቹ መካከል ተገኙ። ቅዳሴ አልቆ በሰላም እንድንገባ ስንሰናበት አገልግሎታችን አያበቃም። ከግርጌው የሚጠብቅ አባት ዛሬም አለ። ወደ እርሱ የምንወርድበትን ፈቃድና ብርታት እግዚአብሔር ለሁላችን ያድለን። አሜን።