ጫፉ የማን ነው?

ተራራ መውጣት ከዕለት ጉርስ ጋር ግንኙነት የሌለው፣ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። አባባሉ ጨርሶ ሐሰት ባይሆንም፣ በዚያ ከፍታ ላይ የሚነሡት ጥያቄዎች እኛን ከሜዳ ያለነውንም የሚመለከቱ ናቸው። በጋራ ድካም ከተገኘ ድል የእያንዳንዱ ድርሻ በምን ይለካል? ስለ ድካሙ የሚነገረውስ እውነት የማን ንብረት ነው? ኢጣሊያዊው ተራራ ወጪ ዋልተር ቦናቲ ከዚህ ጥያቄ ጋር ዕድሜውን ሙሉ ሲታገል ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ1954 በአርዲቶ ዴዚዮ የሚመራ የኢጣሊያ ቡድን በዓለም በከፍታው ሁለተኛ የሆነውን፣ 8,611 ሜትር የሚደርሰውን የኬ-2 ተራራ ለመውጣት ወደ ካራኮራም ዘመተ። ጫፉን እንዲረግጡ የተመረጡት አኪሌ ኮምፓኞኒና ሊኖ ላቼዴሊ ነበሩ። የ24 ዓመቱ ቦናቲና የሁንዛው ተወላጅ አሚር መህዲ ደግሞ ኦክሲጅኑን ተሸክመው እስከ መጨረሻው ሠፈር ሊያደርሱላቸው ተነሡ። ጁላይ 30 ቀን ሊመሽ ሲል ቢደርሱም ድንኳኑን ከተስማሙበት ቦታ አላገኙትም፤ ከዚያ በላይ ተተክሎ ነበርና። ቢጣሩ የመጣላቸው መልስ ኦክሲጅኑን ትተው እንዲወርዱ የሚል ሆነ። በጨለማ መውረድ ለመህዲ ሞት ነበር። ስለዚህ ከ8,000 ሜትር በላይ፣ ድንኳንም የመኝታ ከረጢትም ሳይኖራቸው፣ በረዶውን ቆፍረው ባበጁት ጠባብ መቀመጫ ላይ ተጠጋግተው አነጉ። በማግሥቱ ሁለቱ ጓዶቻቸው ያንኑ ኦክሲጅን ይዘው ጫፉን ረገጡ። ለከፍታው የሚስማማ ጫማ ያልተሰጠው መህዲ ግን የእግሩን ጣቶች በውርጭ አጣ።

ድሉ የሁሉም ነው በሚል ስሜት የሁለቱ ወጪዎች ስም ለሳምንታት ሳይገለጽ ቆየ። ሐሳቡ ያማረ ነው። ነገር ግን ክብሩ ለሁሉም ሲታደል የዚያ ሌሊት ሒሳብ ተሸፈነ። ይባስ ብሎ በ1964 በአንድ ጋዜጣ ላይ ቦናቲ ኦክሲጅኑን በሌሊት ተጠቅሞበታል የሚል ክስ ወጣ። መተንፈሻ ጭምብሎቹ ከላይ በድንኳኑ ውስጥ ከነበሩ በምን ሊተነፍሰው ኖሯል? ቦናቲ በፍርድ ቤት ረታ፤ የቡድኑ ይፋ ታሪክ ግን አልታረመም። የኢጣሊያ አልፓይን ክበብ የቦናቲን ቃል በይፋ የተቀበለው በ2008 ነው።

አንዳንዶች የቡድን አንድነት እንዳይናጋ አንድ ሰው በደሉን ውጦ ዝም ቢል ይሻላል ይላሉ። ይህን ክርክር በቀላሉ የምንቀው አይደለም፤ ማናቸውም የጋራ ሥራ ያለ ትዕግሥት አይጸናም። ሆኖም ዝምታው ሁልጊዜ የሚጠየቀው ከተሸከመው እንጂ ጫፍ ከረገጠው አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ቦናቲ ከዚያ በኋላ ብቸኝነትን መረጠ። በ1955 በሞንብላን ተራሮች የሚገኘውን የድሩን ደቡብ ምዕራባዊ ዓምድ ለስድስት ቀናት ብቻውን ታግሎ ወጣ። ድንጋይ እየበሱ ብረት በመቀርቀር መውጣትንም ይቃወም ነበር፤ መሸነፍ የማይቻልበት ግጥሚያ ለእርሱ ግጥሚያ አልነበረም። በ1965 የማተርሆርንን ሰሜናዊ ገጽ በክረምት ብቻውን በአዲስ መንገድ ወጥቶ ከአስጊ አወጣጥ ተሰናበተ። ይህ ሁሉ የሚደነቅ ነው። ግን ብቸኝነትም ቢሆን ምርጫ ላለው ሰው ነው። መህዲ ለደመወዝ የሚሸከም ሰው ነበር። በዚያች ቀን እንኳ ሸክሙን ያነሣው እርሱም ወደ ጫፉ ሊወጣ እንደሚችል ተስፋ ስለተሰጠው ነው፤ ተስፋውን ከሰጡት አንዱም ራሱ ቦናቲ ነበር። የተበደለውም ሰው፣ እንግዲህ፣ ከእርሱ በታች ከቆመው ጋር ሒሳብ ነበረበት።

የኢጣሊያ መንግሥት ለመህዲ የክብር ማዕረግ ሰጥቶታል። እርሱ ግን ወደ ሁንዛ ሲመለስ የበረዶ መጥረቢያውን ዳግመኛ ማየት እንደማይፈልግ ለቤተሰቡ ነግሮ አስቀመጠው። በ1999 ስላረፈም የ2008ቱን እርማት አልሰማም።